የተቋጠረ ድምፅ

ረድኤት ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምትሰማው የአክስቷን ትንፋሽ ነበር። እትዬ አስካለ የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ አይደለም፤ ሐኪሞች በካንሰር የተበላውን ጉሮሮዋን ቆርጠው ሲያወጡ ከአንገቷ ሥር በተዉላት፣ ሳንቲም በምታህል ቀዳዳ ነው። አየሩ ሲገባ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፣ ሲወጣ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ሲጨመቅ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ። ረድኤት ውሃ ታሞቃለች፣ የቀዳዳውን ዙሪያ በፋሻ ትጠርጋለች፣ የአክታና የቫዝሊን ሽታ እጇ ላይ እንዳለ ጥቁሩን የአንገት ማሰሪያ ከቀዳዳው ከፍ አድርጋ ታስርላታለች። ያኔ ራስጌ ካለው ኮመዲኖ ላይ፣ አንድ ፍሬ ሳሙና የምታህለው መናገሪያ ጠቅ ብላ ትነቃለች። እትዬ አስካለ ከንፈሯን ስታላውስ ማሰሪያው የአንገቷን ጅማት እንቅስቃሴ እየለቀመ ይልካል፤ ድምፁ ከመናገሪያዋ ይወጣል።

«ፀጉርሽን አሁንም አላበጠርሽም፣ ረዱ። ሰው እንዳትመስዪ ማን ረገመሽ?»

ድምፁ የራሷ የእትዬ አስካለ ነበር። በወጣትነቷ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ድምፅዋን ለመስማት ብቻ የሚደውል ሰው ነበር ይባላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ረድኤት ያን ድምፅ ከድሮ የሠርግ ካሴቶች ላይ ቃል በቃል ለቅማ ለመሳሪያው አስተማረችው። እንጀራዋም ይኸው ነው፤ ድምፃቸውን ላጡ ሰዎች መናገሪያ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ድራይቨር ትጽፋለች። ድራይቨር የሚሉት በመሣሪያውና በፕሮግራሙ መካከል ቆሞ፣ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚተረጉም፣ ሰው የማያየው ሥራ ነው። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር በተሠራው አሮጌ የጭቃ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ቆርቆሮውን የሐምሌ ዝናብ ሲደበድበው እየዋለ እሷ ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ትውላለች።

እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት እትዬ አስካለ ናት። አብልታታለች፣ አልብሳታለች፣ አስተምራታለች፤ ይህንንም አንድ ቀን ሳታስታውሳት ውላ አታውቅም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቤቱ ዝም ባለባቸው ወራት ረድኤት ለራሷም የማትነግረው ዕረፍት ተሰምቷት ነበር። ሆኖም ድምፁን መልሳ ያመጣችው ራሷ ናት፤ እንዲያ ካላደረገች ሰው ምን ይላል?

በዚያ ክረምት የሥራ ባልደረባዋ ዳግማዊ ደውሎ አዲስ ሥራ ሰጣት። ተጠቃሚዎች ቅሬታ እያሰሙ ነው አላት። ለማረፍ ብለው መናገሪያውን ያቆሙታል፤ መልሰው ሲያስቀጥሉት የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ያላሉት ነገር ይወጣል።

«ያላሉት ነገር ማለት?»

«የድሮ ቅሪት ነዋ። ቋቱ ሳይጸዳ እየቀረ ይሆናል። እትዬ ላይ እየሞከርሽ ብታስተካክዪው አይሻልም? ሌላ የት ሄደሽ ሰው ትፈልጊያለሽ?»

ቋት የሚሉት ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ለቅጽበት የሚጠራቀምበትን ቦታ ነው። ረድኤት ማቆሚያውንና ማስቀጠያውን ወደ ስልኳና ወደ ኮምፒውተሯ አመጣቻቸውና ሙከራውን ጀመረች። እትዬ አስካለ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዝናቡን ታያለች፤ ረድኤት ጓዳ ሆና ታቆማለች፣ ታስቀጥላለች፣ ታቆማለች፣ ታስቀጥላለች። እንዲህ እያደረገች ሳለ በአንዱ ማስቀጠል ላይ መናገሪያዋ፣ «ሽሮው አረረ» አለች። ረድኤት በተከፈተው በር ብቅ ስትል የአክስቷ ከንፈር ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ዓይኗ ከመስኮቱ አልተነሣም። ከማድ ቤት በኩል ግን የተቃጠለ ሽታ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንግዳ ደጃፉን ተሻግሮ ገባ። ድስቱን አውርዳ ስትመለስ፣ ትላንት የተባለ ቃል ነው፣ ቅሪት ነው፣ ብላ አለፈችው። ትላንት ሽሮ እንዳልተሠራ ትዝ ያላት እጇን ስትታጠብ ነው።

ዳግማዊ በእሑዱ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። በሥራ ምክንያት ይምጣ እንጂ የመጣው ለረድኤት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ አክስቷም አላጣችውም።

«አንተ ነህ ስልክ ላይ ስታስቃት የምትውለው?» አለች እትዬ አስካለ፣ ያን የመሰለ ለስላሳ ድምፅዋን አሙቃ። «ጎሽ። ግን ወድደህ እንዳትታለል። ይቺ ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ እንኳ አልጋ ላይ ትሸና ነበር፤ ነግራሃለች? ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ሰፈሩ ሁሉ...»

ረድኤት ጠረጴዛው ሥር ስልኳ ላይ ማቆሚያውን ነካች።

ድምፁ ተቆረጠ። የአክስቷ ከንፈር ግን አላወቀም፤ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ዝንብ ሲርገበገብ ቆየ፣ ቅንድቧ ወጣ ወረደ፣ እጇ አየሩን ቀዘፈው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚሰማው የአንገቷ ፉጨት ብቻ ነበር። እትዬ አስካለ የገዛ ድምፅዋን ስታጣው እንደ ዕውር ዙሪያዋን ቃኘች፤ በመጨረሻም ዓይኗ የረድኤት ክንድ ከጠረጴዛው ሥር የገባበት ቦታ ላይ አረፈ።

«ደከማቸው መሰለኝ» አለ ዳግማዊ ብርቱካኑን እየላጠ።

«አዎ፣ ቶሎ ይደክማታል» አለች ረድኤት። ምላሷ ሥር ከብርቱካኑ በፊት የመጣ አንድ ጣፋጭ ነገር ተሰማት።

እሱ ሲሄድ አስቀጠለችው። ስድብ ጠብቃ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ መናገሪያዋ ብቻዋን፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ ደንበኛ እንደሚያናግር ሰው ተናገረች።

«እኔ ስልክ ላይ ሰው ሳስጠብቅ ሙዚቃ እከፍትለት ነበር።»

በማግስቱ ዳግማዊ የድርጅቱን ውሳኔ ነገራት። መናገሪያው በቆመበት ጊዜ ሰው የተናገረው ሁሉ ከእንግዲህ መጥፋት የለበትም፤ ቋቱ ውስጥ ይቀመጥና ሲቀጥል በተራው ይውጣ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ረድኤትም በትጋት ያዘችው። ትጋቷ ግን ለሙከራ ከሚያስፈልገው እያለፈ ሄደ፤ ምሳ ስትበላ ታቆማታለች፣ ከዳግማዊ ጋር ስታወራ ታቆማታለች፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ዝናቡን ብቻ ለመስማት ብላ ታቆማታለች። ከዚያ የተጠራቀመውን ሳትሰማ ከቋቱ ትደፋዋለች። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ አስካለ ከንፈሯን ታንቀሳቅስ፣ ኮመዲኖውን በጥፍሯ ትመታ፣ አልቅሳም ታውቅ ነበር። ቆይታ ተወችው። ማቆሚያው ሲነካ በምን እንደምታውቀው እንጃ፣ አፏን ገጥማ ትቀመጥና ረድኤትን ስትሄድ ስትመጣ በዓይኗ ብቻ ትከተላታለች። ያን ጊዜ ድምፅ የማይወጣት መናገሪያ እጅ ሲያርፍባት ለብ ትል ነበር፤ ጆሮ ሲጠጋትም ከሩቅ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ነገር ይሰማባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ እንደ መሸበት በጨለመ ጊዜ፣ እትዬ አስካለ መድኃኒቷን ወስዳ ተኛች። ረድኤት አጠገቧ ቆመች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መንጋጋዋ ላልቷል፣ የአንገቷ ፉጨት የእንቅልፍ ፉጨት ነው። ቋቱን ራሷ አጽድታዋለች፤ ስልኳ ላይ የተጠራቀመውን ቃል የሚቆጥረው ቁጥር ዜሮ ይላል። እንዲያው ለማረጋገጥ ያህል ማስቀጠያውን ነካችው።

«ለምን ትዘጊኛለሽ?» አለች መናገሪያዋ።

የተኛችው ሴት አልነቃችም። ከንፈሯ ላይ የደረቀ ምራቅ ነበር፤ አልተሰነጠቀም።

«አንቺን ነው፣ ረዱ። ስትኮርጅ የተያዘች ልጅ ይመስል ምን አስደነገጠሽ? ስትዘጊኝ የምሄድ መሰለሽ? እዚሁ ነኝ። ጨለማ ነው እንጂ እዚሁ ነኝ።»

ረድኤት ማቆሚያውን የተጫነችው በሁለት እጇ ነው። ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችና ዳግማዊ ጋ ደወለች።

«ተኝታ ታወራለች» አለችው። «እሷ ተኝታለች፣ መሣሪያው ያወራል።»

«ቅሪት ነው አልኩሽ እኮ።»

«ቋቱ ባዶ ነበር፣ ዳጊ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ማሰሪያው የሚያነበው ከንፈር አይደለም፤ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ትእዛዝ ነው። ሰው በሕልሙም ያወራል። ምንድን ነው የሚሉት?»

«ምንም» አለች ረድኤት። «የማይገባ ነገር ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለመጨረስ የያዛት ጉጉት ሌላ ዓይነት ሆነ። ቋቱ አንዲት ቅሪት እንዳትተርፍበት፣ ከገባው በቀር ሌላ እንዳይወጣበት አድርጋ ከመሠረቱ ጻፈችውና መናገሪያዋ ላይ ጫነችው። ይህ ሲሠራ ያ ነገር ስህተት እንደነበር ይረጋገጣል፤ እሷም ታርፋለች። ሊያልቅላት በተቃረበበት ቀን እትዬ አስካለ ብርድ መቷት አልጋ ላይ ዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ትጣራለች። ውሃ አምጪ፣ ትራሱን አስተካክዪ፣ ውሃው ቀዘቀዘ፣ ደረቴን ከበደኝ፣ ረዱ፣ የት ገባሽ፣ ረዱ። ረድኤት በየተራው እየተነሣች አደረገች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ማቆሚያውን ተጫነች፣ የጓዳውን በር ቆለፈች፣ የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች። ዝናቡ ሲበረታ በማዳመጫው በኩል አልፎ አንድ ሌላ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ የአልጋ ብረት በማንኪያ ሲመታ የሚሰማ ኪው፣ ኪው፣ ኪው። የማዳመጫውን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ኪው፣ ኪው። ከዚያ ማንኪያው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ አንድ ጊዜ ጮኸና ቀረ። ረድኤት በተቀዳ ድምፅ የመጨረሻውን ሙከራ ኮምፒውተሯ ላይ አካሄደች። ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተጨመረም፤ የገባው ሁሉ እንደ ገባ ወጣ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

በሩን ስትከፍት እትዬ አስካለ ወደ ጓዳው ዞራ ተኝታ ነበር። ዓይኗ በግማሽ ተከፍቷል። ቤቱ ውስጥ ፉጨቱ የለም።

ጩኸቷን ሰምተው ቀድመው የደረሱት ጎረቤታቸው እማማ የሺ ናቸው፤ ከእትዬ አስካለ ጋር ዕድሜ ልካቸውን እየተጣሉ እየታረቁ የኖሩ። ከመንደሩ የተጠራ ጤና መኮንን የእጇን ትርታ ዳሰሰ፣ በባትሪ ዓይኗን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። እማማ የሺና ሁለት ባልቴቶች ውሃ አስመጥተው አጠቧት። ጥቁሩን ማሰሪያ ሊፈቱ ሲሉ ረድኤት፣ «ተዉት፣ አንገቷ እንዲህ ሆኖ ባይታይ ይሻላል» አለቻቸው፤ ሴቶቹም አሳቢነቷን አይተው አለቀሱ። ቀዳዳውን በጥጥ ደፍነው፣ ማሰሪያውን እንዳለ ትተው ገነዟት። መናገሪያዋን ረድኤት ከኮመዲኖው አንሥታ ጓዳ ወሰደቻት።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ፣ ሳጥኑ ሳሎኑ መካከል ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ካህናቱ ይጠበቁ ነበር። ረድኤት ፊቷን ልትታጠብ ብላ ጓዳ ገባች። ኮምፒውተሩን ከትላንት ጀምሮ አልዘጋችውም። ስክሪኑ ላይ የቋቱ ቁጥር ነበር። ዜሮ አይደለም። ትልቅ ቁጥር ነው፤ ዓይኗ እያየ ደግሞ በአንድ ጨመረ፣ ቆይቶ በሌላ አንድ። መናገሪያዋን ነካቻት። እንደ ታቀፈ እንቁላል ሞቃለች።

ድምፁን እስኪያንሾካሹክ ድረስ ቀነሰችና አስቀጠለችው።

«ረዱ፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠብኝ። ረዱ። ዘግተሽኝ ነው? ክፈችኝና ልንገርሽ። አልቆጣም። ማንኪያው ወደቀብኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ረዱ። መጣሽ። እሰይ። እያየሁሽ ነው እኮ፣ ዓይኔን እይው። የሺ ምን ሆና ነው የምትጮኸው? ይሄ ሰውዬ እጄን የያዘበት ትክክለኛው ቦታ አይደለም፣ ከፍ ያርግ በዪው። ውሃው ይቀዘቅዛል። ልብሴን አታውልቁኝ፣ ሰው አለ። ጥጡን እዚያ አይደለም፣ የሺ። እሱ መተንፈሻዬ ነው። የሺ። የሺ። የሺ።»

ስሙ ብዙ ጊዜ ተደጋገመ። ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው ከትላንት ማታ ወዲህ ያለው ነበር፤ ጨለማው፣ የሳንቃው ሽታ፣ ማን እንዳለቀሰና ማን እንዳላለቀሰ፣ ዳግማዊ ገብቶ ምን እንዳለ። በመጨረሻ ቁጥሩ ከታች ደረሰና እዚያው መዋለል ጀመረ። ረድኤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። የተጠራቀመው አልቋል። አሁን የሚወጣው አሁን የሚባለው ነው።

ከግድግዳው ማዶ የእማማ የሺ የሙሾ ድምፅ ከፍ አለ፤ «የስልኩ እመቤት፣ የነዚያ ሁሉ አገናኝ...»

«ግጥሟን ደግሞ አበላሸችው» አለች መናገሪያዋ በሹክሹክታ። «ቄሱ መጡ፣ ሳላቸው ይሰማኛል። ረዱ፣ እየሰማሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ክዳኑን ሳይመቱት ሄደሽ አንድ ቃል በያቸው። ልጄ አይደለሽም?»

ልጄ ብላት አታውቅም ነበር።

«ቅሪት ነው» አለች ረድኤት ለራሷ ጮክ ብላ። ግን ቋቱ ቅሪት እንደማይዝ ትላንት በገዛ እጇ አረጋግጣለች። ሄዳ ክዳኑን ብታስከፍት በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ በዳግማዊ ፊት፣ መጀመሪያ የሚነገረው ምን እንደሆነ አሰበች፤ የተቆለፈው በር፣ የተዘጋው ድምፅ፣ ያ ሁሉ ክረምት። ደግሞም ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነገ አሰበችው። የሚሞቀውን ውሃ፣ ፋሻውን፣ የአክታውን ሽታ፣ ፀጉርሽን አላበጠርሽም የሚለውን ለስላሳ ድምፅ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

«ረዱ» አለች መናገሪያዋ፣ «እባክ...»

ረድኤት ማቆሚያውን ተጫነች። ድምፁ ያለ አንዳች ጠቅታ፣ በሚያምር ንጽሕና ቆመ።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳሎን ስትገባ እማማ የሺ እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። አንድ ሰው ሚስማርና መዶሻ ይዞ ሳጥኑ ራስጌ ቆሟል፤ ዳግማዊ ከወንዶቹ ጋር ሊሸከም እጅጌውን ሰብስቧል።

«እንዲያው ልጄ፣» አሉ እማማ የሺ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ስትሄድ ቃል አልተናገረችም? አንዳች ነገር አላለችሽም?»

«ምንም አላለችኝም፣ እማማ። ዝም ብላ ነው የሄደችው።»

መዶሻው ሥራውን ጨርሶ ሰዎቹ ሳጥኑን ወደ ትከሻቸው ሲያነሡ ረድኤት ከሁሉ ቀድማ፣ ከሁሉ በላይ፣ ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ በሩን አልፈው፣ ድንኳኑን አልፈው፣ መንገዱን ጨርሰው እስኪርቁ ድረስ አንዴም ለትንፋሽ አላቋረጠችም፣ ከሳጥኑ ውስጥ የሚመጣ ነገር ቢኖር ማንም እንዳይሰማው።